የተረፉት ሁለት ቀናት፦ ከደብረ ታቦር እስከ ወንዛዬ

ከደብረ ታቦር ስመለስ ለቢሮ ያስገባሁት ሪፖርት አንድ ገጽ ተኩል ነበር። አለቃዬ ሁለት ቦታ በቀይ አስምሮ «ይታረም» ብሎ መለሰልኝ። ይኸኛው ግን የራሴ ነው፤ ማንም አያሰምርበትም። ያንን አገር ለማታውቁት፣ በተለይም ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ስለ ገጠር ሰው ፍርድ ለምትሰጡ፣ የሆነውን እንደ ሆነው በየቀኑ አስቀምጬዋለሁ።

ወይንሸት እባላለሁ። በአንድ የጥብቅና ቢሮ ከታይፒስትነት ተነስቼ የሰነድ ክፍል ኃላፊ የሆንኩ ሴት ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ አንዱኑ ማመልከቻ ስምና ቁጥሩን እየቀያየርኩ ስመታ ኖሬ የቀኝ እጄ አንጓ ተበላሽቷል። ብርድ በሆነ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ስለዚህ ቢሮአችን ሰነድ በራሱ የሚያዘጋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲያስገባ፣ ጓደኞቼ «እንጀራችንን ሊቀማን መጣ» ብለው ሲያዝኑ እኔ እልል ነው ያልኩት። ጥያቄዎቹን ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ ባለጉዳዩ ማን ነው፣ ባላጋራው ማን ነው፣ ምን ይጠይቃል። መልሱ ሲሞላ ማመልከቻው፣ የማስረጃ ዝርዝሩ፣ ቃለ መሐላው ተሰናድቶ ይወጣል። የግማሽ ቀን ሥራ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። አንድ ደንብም በገዛ እጄ አስገብቻለሁ፦ የባለጉዳዩ ስም ማስረጃው ላይ ካለው ስም ጋር ካልገጠመ ሰነዱ አይታተምም። ድሮ በአንድ የተሳሳተ ስም የተነሳ መዝገብ ሲዘጋብን አይቻለሁና። ይህችን ደንብ ልብ በሉልኝ፤ ዞራ የነከሰችኝ እሷ ናት።

አለቃዬ ናትናኤል ይባላል። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን እዚህ ወረቀት ላይ «አንተ» እለዋለሁ፤ ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» ነው። ደብረ ታቦር ካለ ተባባሪ ጠበቃ ዘንድ ፕሮግራሙን አንድ ሳምንት እንድሞክረው ላከኝ። «በሳምንት ስንት ሰነድ እንደሚወጣ ቁጥሩን ይዘውልኝ ይምጡ፤ ሌላው ትርፍ ነው» አለኝ።

ሰኞ

መናኸሪያ የደረስኩት ጎህ ሲቀድ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ላፕቶፑን የያዘችውን ቦርሳዬን ከሻንጣዎች ጋር ከታች ሊወረውራት ሲል እጁን ያዝኩት።

«እትዬ፣ ዕቃ ከታች ነው» አለ።

«ይኼ ዕቃ አይደለም፣ ይኼ እኔ ነኝ» አልኩትና አቅፌያት ተቀመጥኩ። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ አንገቱን ሲያሰግግ እኔ ጭኔ ላይ ያለውን ስጠብቅ አንዱንም አላየሁ።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት የቅቤ ባልዲ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ዳንግላን ሳናልፍ የአውቶቡሱ ሙቀት በረታ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ ከክዳኑ ሥር እየተንጠባጠበ ቦርሳዬን አጠጣት። ጮህኩ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አውርዳ እየጠረገች «አይዞሽ እታለም፣ ቅቤ እንጂ መርዝ አይደል፤ ያለሰልሰዋል» አለችኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ይህን ጊዜ የታክሲው ግማሽ ጠበቃ፣ ግማሹ ዳኛ ሆኖ ነበር። እሷ ግን ከአገልግሏ ድፎ ዳቦ ቆርሳ እጄ ላይ አስቀመጠችና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ባሕር ዳር ስንወርድ ተቃቅፈን ተለያየን። ላፕቶፑ አልተጎዳም፤ ቅቤ ቅቤ መሽተቱን ግን እስከ ጉዞው መጨረሻ አልተወም።

ማክሰኞ

ባሕር ዳር አድሬ በማግሥቱ በሚኒባስ ተነሳሁ። ሐሙሲትን አልፈን ወደ ወረታ ስንቃረብ ሜዳው ሁሉ የታጨደ ሩዝ ነው። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ሰፈሬ ከሱቅ በኪሎ ስገዛ ሩዝን የሚዘራው የባሕር ማዶ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ ይህን ብነግራቸው «እኛም አዲስ አበባ ምን እንደሚዘራ አናውቅም» ብለው አሳቁኝ። ከወረታ በኋላ መኪናው እያቃሰተ ወደ ዓለም በር ሲወጣ መስኮት የከፈተ ሁሉ ዘጋ። ደብረ ታቦር ስወርድ ከጉና በኩል የመጣው ነፋስ ቀጥታ አንጓዬን ነው ያገኘው። ኅዳር ነበር። እኛ አዲስ አበቤዎች ብርድ ብርድ የምንለው ለካ በከንቱ ነው።

ጠበቃው አቶ መኳንንት አምሳ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ነገር ከመናገራቸው በፊት አገጫቸውን የሚያሹ ሰው ናቸው። ቢሮአቸው ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ያለች አንዲት ባለቆርቆሮ ክፍል ናት። ጠበቃ ከመሆናቸው በፊት እዚያው አጥር ሥር ጃንጥላ ተክለው ራፖር ጸሐፊ ነበሩ፤ የባለጉዳይን ብሶት እየሰሙ ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል።

«ምነው፣ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ?» አሉ ላፕቶፑን ስከፍተው።

«ፕሮግራሙ ነው።»

«እንግዲያው ካገራችን ጋር ይስማማል» ብለው ሳቁ። ቀጥለው አገጫቸውን አሹ። «ግን ወይዘሮ ወይንሸት፣ ይኼ ነገር የገበሬን ነገር ይሰማል? የኛ ሰው ስለ በሬው ሊከስ መጥቶ ስለ አያቱ ነው የሚጀምር።»

«አይሰማም» አልኩ። «የሚሰሙት እርስዎ ነዎት። እሱ የሚጽፈው የነገሩትን ነው። እርስዎ ግን እስከ ዛሬ ሲጽፉ ነው እንጂ ሲሰሙ አልዋሉም።»

ደፍሬ ተናገርኩ፤ ነገር ግን የማምንበት ነው። ማሽኑን የምወደው ሰው ስለሚተካ ሳይሆን ሰውየውን ከወረቀቱ ስለሚያላቅቀው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ጥፋት ሁሉ በማሽኑ የሚላከከው ሰዎቹን ለመናገር ስለሚፈራ ነው።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ ደብሬ ይባላሉ። እጄን ጨብጠው አልለቀቁትም። «ይኼ አንጓ ታሟል» አሉ፣ ሳልነግራቸው። ማታ በጀሪካን የሞቀ ውኃ፣ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ በላዩም ከራሳቸው አልጋ ያነሱትን ቡሉኮ ይዘው መጡ። «እርስዎስ ምን ሊለብሱ ነው?» ብላቸው «እኔ ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ እሱም ለምዶኛል» አሉኝ። ኮልፌ ጎረቤቴ በር ላይ መጥሪያ አለ፤ ለዓመታት ደውዬው አላውቅም።

ረቡዕ

ሥራውን በጠዋት ጀመርን። ባለጉዳዮቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ አቶ መኳንንት ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠይቃሉ፣ እኔ እሞላለሁ፣ ማተሚያው ይተፋል። የቀለብ አቤቱታ፣ የድንበር ግፊ ክስ፣ የወራሽነት ማመልከቻ። ከምሳ በፊት የሳምንቱ ሥራ አለቀ። አቶ መኳንንት የታተሙትን ወረቀቶች ጠረጴዛቸው ላይ አስተካክለው ደረደሩና አንድ በአንድ አዩአቸው። «እኔ ይህን እስከ ዓርብ ነበር የምጽፈው» አሉ። ኮራሁ። በጾም ቀን ሽሮ እየበላሁ እንኳ ኮራሁ።

ከምሳ በኋላ አንዲት ሴት ገባች። ዕድሜዋ አርባ የሚጠጋ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያሰረች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የይዞታ ደብተር በብብቷ የያዘች።

«ስምሽ ማን ነው?» አልኳት።

«የሺ… የሺ ታከለ» አለች፤ እንደ ማመንታት ብላ።

ሞላሁት። ደብተሩን ስገልጠው የተጻፈው «ስንዱ ታከለ» ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ወጣ፦ ስም አይገጥምም፣ ሰነዱ አይታተምም። የራሴ ደንብ!

ነገሩን አቶ መኳንንት አስረዱኝ። በዚያ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። አባቷ ያወጣላት ስም ከአባቷ ቤት ይቀራል፤ ባል፣ ጎረቤት፣ ቀበሌው ሁሉ በአዲሱ ይጠራታል። የመሬት መዝጋቢዎች ደጃፏ የመጡ ቀን የሺ ወፍጮ ቤት ነበረች። «የዚህ ቤት እመቤት ማን ትባላለች?» ሲሉ ጎረቤት በሚያውቀው ስም «ስንዱ» አላቸው፤ ያንኑ ጻፉ። ፎቶ አንሺው ሳይመጣ ስለቀረ የፎቶው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። በኋላ መታወቂያ ስታወጣ ደግሞ «መንግሥት ፊት የሚነገረው አባት ያወጣው ስም ነው» ብላ የሺ አለች። ባሏ ባዬ እስካለ ድረስ ይህ ለማንም ነገር አልነበረም። ባዬ ሲሞት ወንድሙ ሙጬ «ደብተሩ ላይ ያለችው ስንዱ ናት፤ ይህች የሺ ናት፤ መሬቱን ትልቀቅ» ብሎ ከሰሳት። ያመጣቸው ምስክሮችም ሁሉ «ስንዱ የምትባል አናውቅም» አሉ። የወረዳው ፍርድ ቤትም ፈረደባት። ሁለት ጥማድ መሬት ናት፤ ስንዴው ደርሶ ቆሟል፣ እሷ ግን ማጭድ እንዳታነሳ ተከልክላለች። የይግባኙ ቀን ዓርብ ማታ ያበቃል።

«ስም ያወጡልሽ አማትሽ አሉ?» አልኳት።

«አሉ። ግን እኮ የሙጬም እናት ናቸው» አለችና አንገቷን ደፋች። «ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል? በልጃቸው ላይ መስክሩ ይባላል?»

ናትናኤል ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን ሰምቶ እንኳ አልጨረሰም። «ፕሮግራሙ ሥራውን ሠራ ማለት ነው፤ ያን መዝገብ ይተዉት። ንጹሕ ንጹሑን ይያዙ። ቁጥሩ እንዳይበላሽብን።»

«እሺ» አልኩት። እሺ ማለት ከታይፒስትነቴ የቀረኝ ልማድ ነው፤ እሺ ብሎ አለማድረግም እንደዚያው።

ከዚያ ወደ አቶ መኳንንት ዞርኩ። «ነገና ከነገ ወዲያ ምን ሊሠሩ ነበር?»

«ይህንኑ ያለቀውን ነዋ።»

«እንግዲያው ሁለት ቀን ተርፎናል። ናትናኤል በሁለቱ ቀን ሌላ ሰነድ እንድናወጣበት ይፈልጋል። እኔ ግን የዚህችን ሴት አማት ላገኝበት ነው።»

አገጫቸውን አሹ። «አማትየው ወንዛዬ ፍል ውኃ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ቢያማቸው ሙጬ ነው የወሰዳቸው። ይሂዱ። እኔ የይግባኙን ቅሬታ እያሰናዳሁ እጠብቃለሁ።» ሰውየው ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

ሐሙስ

ከየሺ ጋር በጠዋት ወጣን። የመጣሁበትን ቁልቁለት መልሰን ወርደን፣ ወረታ ላይ መኪና ቀይረን፣ ሐሙሲት ደርሰን፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ ወንዛዬ። የሺ መንገዱን ሁሉ ከመስኮቱ የሰውን አዝመራ ትቆጥር ነበር፤ «ይኼ ታጭዷል፣ ይኼም ታጭዷል» ትላለች። የእሷን አላነሳችም። እኔም ደንቡን ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። አፍሬ ነበር።

ወንዛዬ አዲስ አበባ ፍል ውኃ እንዳለው ሰልፍና ቁጥር ያለበት አይደለም። ውኃው ከድንጋይ ሥር እየጨሰ ይወጣል፤ ከየአገሩ የመጣው በሽተኛ በየጎጆው ሰፍሮ ስንቁን ይካፈላል። እኛንም ማን ናችሁ ያለን የለም፤ አንዲት የማላውቃት ሴት በሶ በጥብጣ «ከመንገድ ነው የመጣችሁ» ብላ ሰጠችን።

የየሺን አማት፣ መነኩሲቷን እማሆይ፣ ያገኘናቸው ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ቢጫ ቆብ፣ ትንሽ ፊት፣ ትልልቅ እጆች። የሺ ወድቃ ጉልበታቸውን ሳመች። «ስንዱ!» አሉ፣ ገና ፊቷን ሳያዩ። ያን ጊዜ ሌላ ምስክር አያስፈልገንም ልል ምንም አልቀረኝ።

ሙጬ ከበስተኋላቸው ቆሟል፤ ረጅም፣ ዓይኑን ከሰው የሚያሸሽ ሰው። የመጣንበትን ስናገር አላስጨረሰኝም። «እማሆይ ሰባት ቀን ነው የያዙት። ገና አራተኛቸው ነው። ሰባቱን ሳይሞሉ ውኃውን ጥሎ የሄደ አይድንም፤ ጉልበታቸውን ልትገድሉት ነው?»

የተናገረው ውሸት አልነበረም፤ በዚያ አካባቢ ሁሉም የሚያምነው ነው። የሺም አፈገፈገች። «ይቅር እማሆይ፣ ይቅር…»

እማሆይ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ እኔ ሳልሰማ ምኑን ነው የምታስቀሩት? ፍርድ ቤቱ ምን አለ ነው የምትይ ልጄ?» አሉኝ።

«ስንዱ የምትባል ሴት የለችም አለ» አልኳቸው። «ምስክሮቹም አናውቃትም አሉ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእሷን ግን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ተቤቴ የገባች ለት በማግሥቱ ሳላዛት ቤቱን አሰናድታ ጠበቀችኝ። ስንዱ አልኋት። ባዬም ስንዱ እያለ ነው የሞተ። አንተስ ሙጬ? ያን ክረምት ወባው ሲጥልህ ማንን ነበር ውኃ አምጪ የምትል?»

ሙጬ መሬት መሬት እያየ «መሬቱ የአባቴ ነው፣ እማሆይ» አለ።

«የአባትህ ነው። መሬቱን ዳኛ ይየው። ስሙ ግን የእኔ ነው። የለችም ካልህማ እኔም የለሁም። ስሜን ልጄም ቢሆን አይቀማኝም!»

ድምፃቸው ከፍ ሲል ገላቸውን የሚታጠቡት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩን። እማሆይ በትራቸውን ፈለጉ። «በጠዋት እንሄዳለን» አሉ። ያን ምሽት የሺ እግራቸውን በሞቀው ውኃ ስታሽ አየሁ፤ ነገ የማያገኙትን ውኃ ልታጠራቅምላቸው የፈለገች ይመስል ነበር። እኔ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ሰጥተው ነው የሚመጡት።

ዓርብ

እማሆይ እስከ ባጃጁ መራመድ አልቻሉም። ሙጬ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ እናቱን አዝሎ ወስዶ ባጃጁ ላይ አስቀመጣቸው። ቀና ሳይልም ተመለሰ። ልጅ ነው እንግዲህ፤ ምን ልበል።

ሐሙሲት ሳንደርስ የባጃጁ ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማ የለም። ሹፌሩ ራሱን ይዞ ተቀመጠ፣ እኔ ሰዓቴን እያየሁ መንገድ ለመንገድ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ማዶ ጤፍ የሚያጭዱ ሰዎች ሩጫዬን አይተው ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። አራት ሆነው ባጃጁን እማሆይ እንደ ተቀመጡበት አነሱት፤ አንዱ ጎማውን ፈቶ ውስጡን ጭድ ጠቀጠቀው፣ ጠቀጠቀውና አሰረው። «እስከ ሐሙሲት ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በሬ ቢያገኘው ይብላው» አለን። ስማችሁን ንገሩኝ ብላቸው «የቱን?» ብለው ሳቁብኝ። በጭድ ጎማ እየተንገጫገጭን ሐሙሲት ገባን። እንዲህ ያለውን ብልሃት የኛ ሰፈር ጎሚስታ ቢሰማ አያምንም።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሬጅስትራሩ አሥራ አንድ ተኩል ይዘጋል። አቶ መኳንንት በር ላይ ቆመው ነበር። ቅቤ የሚሸተውን ላፕቶፔን ከፈትኩና ደንቤን ራሴ አፈረስኳት። በምትኩ አዲስ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «ሌላ ስም አለዎት? ያወጣልዎት ማን ነው?» ስም ባይገጥም ፕሮግራሙ እንደ በፊቱ አይዘጋም፤ ይህን ጠይቆ መልሱን የሚያጸና ቃለ መሐላ ያዘጋጃል። ቀዩ መስመር ጠፋ።

ወዲያው ደግሞ ተመልሶ መጣ፤ አሁን በእማሆይ ስም ላይ ነው። የእማሆይ መታወቂያ «አገሬ» ይላል፤ ቃላቸውን የሚሰጡት ግን በምንኩስና ስማቸው ነበር።

«እማሆይ፣ እርስዎስ ስንት ስም አለዎት?»

በጣታቸው ቆጠሩ። «አባቴ አገሬ አለኝ። ክርስትናዬ ወለተ ሥላሴ ነው። አማቴ ጥሩዬ ብላኛለች። ስመነኩስ ደግሞ አመተ ማርያም ተባልሁ። አራት ነው። በዛ?»

«አይበዛም» አልኩ፤ አራቱንም ሞላሁ። አቶ መኳንንት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ማመልከቻው፣ ተጨማሪ ማስረጃ ይታይልን የሚለው ጥያቄ፣ የአፈጻጸም እግድ ጥያቄው፣ ሁለቱ ቃለ መሐሎች፣ ከነቅጂያቸው ታተሙ። በእጅ ብንጽፈው ኖሮ ለሰኞ እንኳ አናደርሰውም ነበር። ማሽን ክፉ ነው የምትሉ ይህንንም ስሙ።

ሬጅስትራሩ ወጣት ነው፤ ወረቀቱን ሁለቴ አገላብጦ አነበበ። እማሆይ እጃቸውን አንስተው ማሉ፣ ያወጡትን ስም ተናገሩ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ቀጥሎ ወረቀቱን ወደ የሺ ገፋው።

«አንቺስ በየትኛው ስም ነው የምትፈርሚው?»

የሺ እኔን አየች፣ አማቷን አየች። «በሁለቱም» አለች። ሰውየው ትንሽ አሰበና «ይሁን» አለ፤ ማኅተሙን አሳረፈ። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሃያ ነበር። እማሆይ ለመነሳት ሲሞክሩ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው እኔና የሺ ደግፈን አወጣናቸው።

ቅዳሜና እሑድ

ወይዘሮ ደብሬ የመኝታውን ሂሳብ ሲቀበሉ ቆሎ በፌስታል አድርገው ጨመሩልኝ፤ ለአንጓዬም የሚታሰር የሱፍ ጨርቅ። መመለሻው መንገድ ረጅም ነበር፣ እኔም ዝም ብዬ ተቀምጬ ገደሉን በደንብ አየሁት።

ሰኞ፣ ቢሮ

«ሁለት ቀን ሙሉ በአንድ ፋይል?» አለ ናትናኤል።

«የተረፉ ቀናት ናቸው። ረቡዕ ምሳ ላይ ነው የሳምንቱን የጨረስነው።»

«እኮ! የተረፈው ለሌላ ሥራ ነው።»

«ሌላ ሥራ ነው የሠራሁበት» አልኩት። «ፕሮግራሙ ሰዓት ቆጠበልን ብለን ለባለጉዳይ እንሰብካለን። ሰዓቷ የማን ናት ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ለሌላ ወረቀት ብቻ ከሆነች እኔ ድሮም ወረቀት ስመታ ነው የኖርኩት፤ አሁን የቀረኝ የግራ እጄ ነው።»

ይልቁንም አዲሱን ጥያቄ ከፕሮግራሙ እንዳወጣው አዘዘኝ፤ ባለጉዳይ ወሬ ያበዛል፣ ጊዜ ይበላል ብሎ። ጥያቄው ከወጣ አብሬው እወጣለሁ አልኩት፤ ቆሜ ነው ያልኩት። በማግሥቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደሬ ጋር ተያይዟል። ጥያቄውም ፕሮግራሙ ውስጥ አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አቶ መኳንንት ደወሉ። የይግባኙ ችሎት መዝገቡን አይቶ «ያስቀርባል» ብሏል፤ ጉዳዩ ሊሰማ ነው፣ የእማሆይም ቃል ተቀባይነት አግኝቷል፣ ያ ሁሉ እስኪወሰን ድረስም አፈጻጸሙ ታግዷል። ስንዴው ሳይረግፍ ታጭዷል። እማሆይ ከወንዛዬ ወዲህ ሙጬ ቤት አልተመለሱም፤ ምራታቸው ዘንድ ናቸው። ጉልበታቸው ግን ብሶባቸዋል።

«እዚሁ አጠገቤ ናት፣ ላገናኝዎ» አሉ አቶ መኳንንት።

ስልኩ ሲቀባበል ኮሽታ ሰማሁ፤ ትንፋሿም ቀረበኝ።

«የሺ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» አልኳት።

ያን ረቡዕ ስሟን ስጠይቃት እንዳደረገችው አላመነታችም።

«ስንዱ ነኝ» አለችኝ።